ለክፉ ቀን የቆመችው መኪና

በዚያ ኅዳር ለጥቂት ቀናት እረፍት ወስጄ ደባርቅ፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የእናቴ ትንፋሽ ይቆራረጥ ጀመር። አስም ካደረባት ዓመታት አልፈዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአፏ የምትስበው መድኃኒት ያስታግሥላታል። ያን ሌሊት ግን እምቢ አላት። አባባ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ቁልፉን ከምሰሶው ሚስማር ላይ አንሥተው ወደ ግቢ ወጡ።

ኮሮላዋ ከቆርቆሮ ጥላዋ ሥር በሸራ ተሸፍና ቆማለች። እህቴ ከአሜሪካ በላከችው ገንዘብ ከተገዛች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አባባ «ለክፉ ቀን ናት» ይላሉ። ለገበያ አይነዷትም፤ ለለቅሶ እንኳን ሩቅ ካልሆነ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ሸራውን ገፈን በስልኬ መብራት አበራሁላቸው። ቁልፉን አዞሩት። «ቀጭ» አለች። ደግመው አዞሩት፤ ቀጭ። በሦስተኛው ያቺም ድምፅ ጠፋች፤ የዳሽቦርዱ መብራት ጋዙ እንዳለቀ ኩራዝ ደብዝዞ ጨለመ።

ልንገፋት ሞከርን። ግቢው ሜዳ ነው፣ በሩ ጠባብ ነው፣ እኛም ሁለት ሰዎች ነን። ማርሿ አውቶማቲክ ስለሆነ አገር ቢሰበሰብ እንኳን ተገፍታ እንደማትነሣ ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ያኔ ከመሸ ባጃጅ አይንቀሳቀስም ነበር። ጎረቤት ተቀሰቀሰ፣ ቃሬዛ ወጣ፣ እናቴ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ በስምንት ሰው ትከሻ እየተፈራረቀች ሆስፒታል ደረሰች። በመኪና 10 ደቂቃ የማይሞላው መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ኦክስጅን ተደረገላት፤ ሲነጋ ትንፋሿ ተመለሰ። ይህን ጽሑፍ ሳነብላት «ሳሌን ጋዜጣ ላይ ልታወጣው ነው?» ብላ ስቃብኛለች።

አባባ ግን አልሳቁም። ያን ዕለት ጠዋት ከሆስፒታሉ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ቁልፉን በመዳፋቸው እያገላበጡ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መኪናዋ እኮ የቆመችው ለዚች ሌሊት ነበር።»

ደባርቅ ውስጥ ቆማ የምትከርም መኪና የእኛ ብቻ አይደለችም። ከተማዋ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ደጉ ጊዜ እያለ ቱሪስት የሚያመላልሱ ላንድክሩዘሮች በየሆቴሉ ደጅ ያድሩ ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና ገባና ቱሪስቱ ቀረ። ኮሮና ሳይወጣ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ውጊያው ደባርቅና ዳባት አካባቢ ድረስ መጣ። ፋታ ተገኘ ሲባል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም ለክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ማደያው ነዳጅ ባጣ ቁጥር መኪና ይቆማል። አንዳንዱ ለሳምንት፣ አንዳንዱ ለወራት።

ከዚህ በተጨማሪ ልጆች ውጭ አገር ሆነው ለወላጆቻቸው የገዟቸው መኪኖች አሉ። ልጁ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ መጥቶ ለሦስት ሳምንት ይነዳል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናዋ የአያቶች አደራ ናት። አደራ ደግሞ እኛ አገር የሚጠበቀው ባለመንካት ነው። ብር ከሆነ ይሠራል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ግን የሚገድለው አለመንካቱ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችው አሮጌ መኪና «ትሙት፣ ሌላ እንገዛለን» የምትባል አይደለችም።

በማግስቱ አንድ ወጣት መካኒክ መጣ። ቱሪስት በነበረ ጊዜ የአስጎብኚዎችን መኪና ሲጠግን የኖረ ልጅ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች ባትሪው ራስ ላይ ነካ አደረገ። 11.4 አለ።

«ብርዱ ገደለው» አሉ አባባ።

«ብርዱስ ጠባቂው ነበር አባባ» አላቸው። «የገደሉት እርስዎ ነዎት።»

ልጁ አፉ አይጨክንም፤ ነገር ግን እንዲህ ካልተባሉ እንደማይሰሙት ገብቶታል መሰለኝ። አባባ ተቆጡ። በየቅዳሜው ሳያሰልሱ ሸራውን ገፈው፣ ሞተሩን አሥር ደቂቃ አስነሥተው፣ አጥፍተው፣ መልሰው ይሸፍኗታል። እውነት ነው፤ እናቴም ትመሰክራለች። ያለፈው ቅዳሜ እያቃሰተች ብትነሣም «ብርድ ነው» ብለው አልፈውታል።

ደግሞ ሌላ ማስረጃ አመጡ። አባባ የተወለዱት መካነ ብርሃን፣ ጃናሞራ ነው። ከደባርቅ ወደዚያ የሚወስደው የተራራ መንገድ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ በቧሂት ትከሻ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ለኮሮላ የሚመከር መንገድ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዘመድ ፒክአፕ ለተዝካር ሄደው መኪናው ደጅ አድሮ መስታወቱ በረዶ ሠርቶ ነበር። «ያውም ጠዋት በአንድ ዙር ተነሣ። የእኛዋ ቆርቆሮ ሥር ተሸፍና ደባርቅ ላይ ትሞታለች?»

«አዩ፣ ራስዎ መለሱት» አለ ልጁ። «ያ መኪና ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ውሎ ባትሪው ሞልቶ ነው ያደረው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ አባቶች የሚሳሳቱት እዚሁ ነው።

ብርድ ለባትሪ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንደኛው መጥፎ ነው። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ሞተሪኖውን ለማዞር የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ሦስተኛው ጉልበቱ ይጠፋል። የሞተር ዘይትም ስለሚወፍር ሥራው ይከብዳል። ስለዚህ ደካማ ባትሪ ድክመቱን የሚያጋልጠው በብርድ ሌሊት ነው፤ ሰውም ብርዱን ይከሳል። ሁለተኛው ጠባይ ግን መልካም ነው። ማንኛውም ባትሪ ምንም ሳይነካው እንኳን በራሱ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ይህ ፍሳሽ በሙቀት ይፈጥናል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። መተማ ላይ የቆመ ባትሪና 2850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው ደባርቅ የቆመ ባትሪ ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ደጋው ለሚቆም ባትሪ ጥሩ ጎተራ ነው። ጤነኛ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ገመዱ ተፈትቶ በዚህ ብርድ ቢቀመጥ በወር የሚጎድለው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው።

ውርጭ ይሰብረዋል የሚለው ፍርሃትም ለባዶ ባትሪ እንጂ ለሙሉው አይሠራም። በሙሉ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ጠንካራ ስለሆነ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳን አያረጋውም፤ ያን የሚያህል ብርድ ራስ ደጀን ላይም የለም። ባዶ ሲሆን ግን አሲዱ ወደ ተራ ውሃ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ የቧሂት ዓይነት ውርጭ ያሰጋዋል።

ታዲያ ጉልበቱ የት ሄደ? ልጁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታና ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው መካከል አስገባ። በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል፣ ቁልፉ ከአባባ እጅ ነው፣ መብራት የለም። ቴስተሩ ግን 0.08 አምፔር አለ። መኪናዋ ተኝታ እየጠጣች ነው። ጠጪው አዲስ አበባ ላይ የተገጠመላት አላርም ነበር፤ ሬዲዮውና ሰዓቱም ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ። ፋብሪካ እንዳወጣት ብትሆን ብዙውን ጊዜ ከ0.05 አምፔር አትበልጥም። በኋላ የሚጨመር አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ትልቅ ሬዲዮ ነው ነገሩን የሚያበላሸው።

0.08 ምን ያህል ነው ትሉ ይሆናል። ልጁ በጣቱ አቧራው ላይ ጻፈልን። በ24 ሰዓት ወደ 2 የሚጠጋ አምፔር ሰዓት፣ በሳምንት 13 ከምናምን። የኮሮላዋ ባትሪ ሙሉ ሲሆን የሚይዘው 45 አምፔር ሰዓት ነው። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን አሥር ደቂቃ ሲያስነሡ ደግሞ ዲናሞው መልሶ የሚያስገባው 2 ወይም 3 ቢሆን ነው፤ ሞተር ቆሞ ሲንተከተክ ዲናሞው በዝግታ ይዞራል፣ ለማስነሣት የወጣውም አብሮ መተካት አለበት። በሳምንት 13 ወጪ፣ 3 ገቢ። መኪናዋ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ከግቢ አልወጣችም። አራት ሳምንት።

አባባ የጡረታ መዝገብ ያዥ ናቸው። ሒሳቡን አይተው ዝም አሉ።

ለመሆኑ ባዶውን መቆየቱ ምን ያደርገዋል? ባትሪው ውስጥ እያንዳንዳቸው ከ2 ቮልት ጥቂት ከፍ የሚሉ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ በየክፍሉ የእርሳስ ሰሌዳዎች በሰልፈሪክ አሲድ ተነክረዋል። ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከሠራው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ባትሪው ጉልበት ሲሰጥ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ የእርሳስ ጨው ይፈጠራል፤ ወዲያው ከተሞላ ጨው ተመልሶ ይሟሟል። ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ግን ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ይደነድናል፤ ከዚያ ወዲያ ቻርጅ ቢደረግም አይለቅም። ለዚህ ነው «ቻርጅ አስደረግሁት፣ በሦስተኛው ቀን መልሶ ሞተ» የሚባለው። አንዴ ባዶ ሆኖ መክረም የሁለት ዓመት ሥራ ያህል ያስረጀዋል የሚል መካኒክ ሰምቻለሁ፤ ቁጥሩን አላምንም፣ ነገሩን ግን አምናለሁ።

የእኛው ባትሪ በሌሊት ቻርጅ ተደርጎ ተረፈ። ሁሉም እንዲህ ዕድለኛ አይሆንም።

አሁን ወደ መፍትሔው። መጀመሪያ መለኪያ ይኑራችሁ። ቴስተር ውድ ዕቃ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ይገኛል። መኪናው ከተነዳ ወይም ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ቆይቶ ይለካ፤ ወዲያው ቢለካ በሐሰት ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። 12.6 ወይም 12.7 ካለ ሞልቷል። 12.4 ሲል ሩቡ ጎድሏል፤ የመሙያው ጊዜ ይህ ነው፣ ከዚህ ዝቅ ብሎ ሲቆይ ነው ጨው የሚደነድነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ሲል ሰዎች «12 ቮልት ባትሪ 12 አለ፣ ደኅና ነው» ይላሉ፤ ሩብ ብቻ ቀርቶታል። ሞተር ተነሥቶ ሲለካ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ችግሩ ከባትሪው ሳይሆን ከዲናሞው ወይም ከቀበቶው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ገመድ መፍታት ነው። መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ እንደሚቆም ካወቃችሁ የኔጋቲቩን ገመድ ፍቱ። ኔጋቲቩ የመቀነስ ምልክት ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ነው። ሲፈታ መጀመሪያ እሱ፣ ሲታሰር መጨረሻ እሱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል፣ ኔጋቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን ቢነካም ምንም የለም። አብዛኛው መኪና 10 ቁጥር መፍቻ፣ መካኒኮች ቺያቬ የሚሉት፣ ይበቃዋል። ሰዓቱ ይጠፋል፣ አንዳንድ ሬዲዮ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩን አስቀድሞ መያዝ ነው። አንዳንዱ አላርም የራሱ ትንሽ ባትሪ ስላለው ገመዱ ሲፈታ ሰፈሩን ሊያናጋ ይችላል። በርቀት መክፈቻ ብቻ የለመደ ሰው ደግሞ በሩ በእጅ ቁልፍ እንደሚከፈት ይሞክር፤ ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንዳይዘጋ።

እዚህ ላይ አባባ የጠየቁት ጥያቄ ከእኔ ሁሉ ይሻላል። «ገመዱ ከተፈታ በክፉ ቀን ማን ያስረዋል? ያን ሌሊት እኔ ባልኖርስ?»

መካኒኩ የሚመክረው ገመድ ሳይፈታ በእጅ እየዞረ የሚያላቅቅ ማቋረጫ ነው፤ ኔጋቲቩ ላይ ይገጠማል፣ ሲያጠብቁት መኪናው ይነቃል፣ ሲያላሉት ይተኛል። መፍቻ አያስፈልገውም። እኛ ያደረግነው ይህን ነው። እናቴ ኮፈኑን ከፍታ በሁለት ደቂቃ ማገናኘት ተምራለች፤ መንዳት ባትችልም ሾፌር እስኪመጣ መኪናዋ ነቅታ ትጠብቃለች። ማቋረጫው ካልተገኘ መፍቻውን ከመኪናው ቁልፍ ጋር በገመድ አንድ ላይ ማሰር ነው። ከሳጥን ውስጥ ከሆነ በጨለማ አይገኝም።

ሦስተኛው መሙላት ነው። ነዳጅ ካለና መንገዱ ሰላም ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው መንዳት ነው። ግን መንዳት ማለት እስከ ዳቦ ቤቱ አይደለም። ከደባርቅ ዳባት ደርሶ መመለስ፣ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለጤነኛ ባትሪ ጥሩ ቀለብ ነው፤ ጎማውም፣ ፍሬኑም፣ ዘይቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ገመዱ ተፈትቶ የሚቆም ከሆነ ይህን በወር አንዴ ማድረግ ይበቃል። የቅዳሜዋን የአሥር ደቂቃ ጉርምርምታ ግን እርም በሉ። ነዳጅ ትበላለች፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ጭስ ማውጫው ውስጥ እርጥበት ትተዋለች፣ ባትሪውንም አትሞላም። ጥቅሟ አባትን ደስ ማሰኘት ብቻ ነው።

ነዳጅ ከሌለ ቻርጀር አለ። ለ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ4 እስከ 5 አምፔር የሚሰጥ በቂ ነው፤ ባዶውን በአንድ ሌሊት ይሞላዋል። ጋራዥ ወስዶ በትልቅ ማሽን በሁለት ሰዓት «ማስፈላት» ባትሪውን ያሞቀዋል፣ ዕድሜውን ይቀንሳል። ሞልቶ ራሱን የሚያቆም ዓይነት ቢገኝ መልካም ነው፤ ሆኖም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንዱ በራሱ ሥራ አይጀምርም፣ ቁልፉ ካልተጫነ ተኝቶ ያድራል። ጠዋት ሄዶ ማየት ነው።

ፀሐይም አለች። ለአምፖል የምንጠቀምባት ትንሽ ሶላር፣ 10 ዋት እንኳን ብትሆን፣ በጠራ ቀን ለአምስት ሰዓት ፀሐይ ብታገኝ ከ2 አምፔር ሰዓት በላይ ታስገባለች። የእኛን አላርም ጥማት ትችላለች ማለት ነው። በመካከል ኮንትሮለር መኖር አለበት፤ አለዚያ በበጋ ባትሪውን ከልክ በላይ ትሞላለች፣ ውሃውንም ታደርቃለች። በክረምት ጉም ደባርቅን ሲሸፍን ግን ብዙ አትመኩባት።

ስለ ልጆችና ስለ ቤት ደኅንነት ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልናገር።

መኪና በተዘጋ ጋራዥ ወይም በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አስነሥቶ መተው አይገባም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አስገብተው ሲተኙ የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። በብርድ ጠዋት መኪና ውስጥ ልጆች አስቀምጦ በር ዘግቶ «ይሙቃቸው» ማለት የታወቀ ስህተት ነው።

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል፣ አሲዱንም ይረጫል። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገው አየር በሚዘዋወርበት እንጂ በመኝታ ቤት አይደለም፤ ሻማ፣ ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ምድጃ አጠገቡ አይቅረብ። የባትሪ ውሃ ጎድሎ እንደሆነ ለማየት ክብሪት ጭሮ የሚያጎነብስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ተርፏል። አሲድ ዓይን ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብና ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። መሬት ላይ ከፈሰሰ የዳቦ ሶዳ በትኖ ማምከን ይቻላል። አሮጌውን ባትሪ የልጆች መጫወቻ በሚደርስበት አታስቀምጡ፣ አሲዱንም ጓሮ አትድፉ፤ እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። ሳይከፈት እንዳለ ለሚገዛው ቆራሌው ወይም ለባትሪ ነጋዴው ይሰጥ።

ከሌላ መኪና በገመድ ስታስነሡም ቅደም ተከተል አለው። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ ከሞተው ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደኅናው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩ ከደኅናው ኔጋቲቭ፣ የመጨረሻው ጫፍ ግን ከሞተው ባትሪ ሳይሆን ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ጋር። የመጨረሻዋ ብልጭታ ከባትሪው ጋዝ ትራቅ ነው ነገሩ።

አባባ ከልጅነታቸው ይዘዋቸው የመጡ ጥቂት እምነቶችም ነበሩ። የተፈታ ባትሪ መሬት ላይ ከተቀመጠ መሬቱ ጉልበቱን ይመጠዋል ብለው ቁርበት ያነጥፉለታል። ይህ ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ በጥንት ጊዜ የባትሪ ሣጥን ከእንጨትና ከጎማ ይሠራ ስለነበር እርጥበት ያፈስሰው ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ቢቀመጥም ግድ የለውም። ቁርበቱን ግን አልከለከልኳቸውም፤ ምንም አይጎዳም። በብርድ ልብስ መጠቅለሉም እንዲሁ ነው፤ ባትሪ የራሱ ሙቀት ስለሌለው ብርድ ልብስ አያሞቀውም። ውሃው ሲጎድል አሲድ መጨመር ግን ይጎዳል። የሚጎድለው ውሃ ነውና የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም የምንጭም ውሃ አይሆንም።

አንድ ሌላ ደግሞ የእኛ የልጆች ጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ የመኪናውን ባትሪ አውጥቶ አምፖልና ቴሌቪዥን መቀጠል። የመኪና ባትሪ ለሦስት ሰከንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ የተሠራ ሯጭ ነው፣ ሸክም ተሸካሚ አይደለም። ሰሌዳዎቹ ስስ ናቸው፤ ጥቂት ጊዜ እስከ ታች ከተሟጠጠ ያበቃለታል። ስልክ ቻርጅ ማድረግ ያን ያህል አይጎዳውም፤ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ማብራት ግን ይገድለዋል። ለቤት መብራት የሚሆነው ለሶላር ተብሎ የተሠራው ነው።

አይጥ ሽቦ ይበላል፣ ጎማ በአንድ ጎኑ ይደፈጠጣል፤ እነዚህን ሸራ ሲገለጥ ዓይን ያያቸዋል። ባትሪ ግን ሲሞት አይታይም፤ ለዚህ ነው መለካት የሚያስፈልገው።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ስሄድ የወንድሜ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ የመኪናዋ ጸሐፊ ሆና ጠበቀችኝ። የትምህርት ቤት ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀንና ቁጥር በሁለት ረድፍ ተጽፏል። ሽቦውን የሚነኩት አባባ ናቸው፤ እሷ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ቁጥሩን ታነባለች። እናቴ በረንዳው ላይ ቡና ትቆላለች።

«ስንት አለ?» አሉ አባባ ከኮፈኑ ሥር።

«12.6፣ አባባ።»

«ደግመሽ እዪው።»

«12.6 ነው።»

«ጻፊው እንግዲያ» አሉና ማቋረጫውን አላሉት።